ኮረንቲ የጠጣው መሬት

ጥር 6 ቀን 2016

ከጂንካ እስከ ገዘር በጠዋቱ ሚኒባስ፣ ከገዘር በኋላ ቁልቁል አንድ ሰዓት በእግር። ጓዜን ባለ ሞተር አደረሰልኝ። አዋላጇ ሲስተር አለምነሽ ከመድኃኒት ክፍሉ ጎን ያለችውን ጠባብ ክፍል ለቀቀችልኝ። መስኮቱ በቀጥታ የሚያየው የተሰነጠቀውን ቤት ነው። መጋረጃውን ዘጋሁት።

ቤቱ የእናቶች ማቆያ ነበር። ወራቸው የገባ ሴቶች ከሩቅ እየመጡ ቀናቸው እስኪደርስ እንዲያርፉበት የተሠራ። በዓመቱ የግራው ማዕዘን ሰመጠ፣ ግድግዳው እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ አወጣ፣ ተዘጋ። አሁን ሴቶቹ የሚተኙት በጤና ጣቢያው በረንዳ ላይ ነው። ዛሬ አራት አየሁ። አንዷ እግሯ አብጦ ጫማዋን በገመድ አስራዋለች።

የኔ ሥራ ከቤቱ አጠገብ ያለውን ረግረግ በኤሌክትሪክ አጠንክሬ አዲስ ቤት እንዲሸከም ማድረግ ነው። ሌላ ሜዳ የለም፤ ዙሪያው ገደልና የሰው እንሰት ነው። ዝናቡ መጋቢት አጋማሽ ላይ ይገባል። ሁለት ወር አለኝ።

አለቃዬ አቶ ጎሳዬ ሲሸኙኝ ሁለት ነገር ነገሩኝ። "ጥሩብርሃን፣ ይሄ ነገር ካልሠራ ለዚህ ሸለቆ ሌላ ቤት የሚፈቅድ አይገኝም።" ቀጠሉና፦ "ያንን ዘሩባቤል የሚባል ግንበኛ ደግሞ አደራ እንዳታስጠጊው። የፊተኛውን ቤት የጣለው እሱ ነው። ሲሚንቶውን በልቶት ነው።"

"እሺ" አልኩ።

ከሰዓት በኋላ ጋሽ ዘሩባቤልን አስጠርቼ ቀጠርኳቸው።

ጥር 7

ሲስተር ለምን እሳቸውን እንደመረጥኩ ጠየቀችኝ። "መሬቱን የሚያውቅ ሰው ያስፈልገኛል" አልኳት። እውነት ነው።

ጥር 9

ጋሽ ዘሩባቤል ስድሳ ሊሞላቸው ነው። የዚሁ የአሪ ሰው ናቸው፤ አማርኛን ቆጥበው ነው የሚናገሩት፣ የተናገሩት ግን አይወድቅም። የስማቸው ባለቤት በመጽሐፍ ቅዱስ የፈረሰ ቤተ መቅደስ መልሶ የሠራ ሰው ነው። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ይሄ ሲታወሰኝ ቀኑን ሙሉ ደስ አላለኝም።

የመለኪያውን ዘንግ ሁለታችን ይዘን አቆምነው። መግፋት እንኳ አላስፈለገም፤ ገንፎ ውስጥ እንደገባ ማንኪያ በራሱ ወረደ። ጠጣር ነገር የነካው አራት ሜትር ከስልሳ ላይ ነው። የወጣው አፈር ጥቁር፣ ስፖንጅ የመሰለ። ስትጨምቀው እጅ ላይ የሚቀረው ክር ክር ሥር ብቻ ነው። ስንት ዘመን የበሰበሰ ሣር እንደሆነ ማን ያውቃል።

የአፈሩ ጥንካሬ በመለኪያው 7 ወጣ። ቤት ለመሸከም ቢያንስ 30 መግባት አለበት።

"የፊተኛው ቤት የአፈር ወረቀት ስንት ሜትር ይላል?" አሉ ጋሽ ዘሩባቤል።

"ሦስት ሜትር ተቆፍሮ ጠንካራ ሸክላ ተገኘ ይላል።"

"ሦስት" አሉ። ዘንጉን በሣር ጠርገው አስቀመጡት።

ሪፖርቱ እንደዚያ ነው የሚለው።

ጥር 13

ለጥምቀት ጂንካ ደርሼ ተመለስኩ። እናቴ ከስተሻል አለችኝ። ሁሌም ትላለች።

ሉቃስን ይዤ መጣሁ። ጂንካ ገበያው ዳር ብየዳ ቤት አለው። የምንፈልገው ኮረንቲ ባንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ ነው፤ እንደዚያ ያለ፣ በናፍጣ የሚሠራ ትልቅ የብየዳ ማሽን ያለው እሱ ብቻ ነው። ለዚያ ነው የመረጥኩት። ማሽኑ እስከ ጅረቱ ድልድይ በአይሱዙ፣ ከድልድዩ ወዲህ በአሥራ ሁለት ሰው ትከሻ መጣ።

"በርና መስኮት ስበይድ ኖሬ ዛሬ መሬት ልበይድ?" አለ ሉቃስ ላቡን እየጠረገ።

ሳቅኩ። ከሳቅኩ ቆይቶ ኖሯል፤ ሲስተር ዞራ አየችኝ።

ጥር 16

ሰዉ ፈርቷል። "መሬቱን ኮረንቲ ልታስይዘው ነው" እየተባለ ነው። ስለዚህ ጠዋት ሁሉንም በግቢው ሰበሰብን። የሃያ ሊትር የውሃ ፕላስቲክ አፉን ቆርጠን የረግረጉን አፈር ሞላንበት። በአንድ ዳር የብረት ዘንግ፣ በሌላው ዳር የተበሳሳ ቀጭን ቱቦ ተከልን። ሁለቱን ከመኪና ባትሪ ጋር አገናኘንና ጠበቅን። ሰዉ ለቅሶ ቤት እንደተቀመጠ ዝም ብሎ ተቀመጠ። አንድ ሰዓት። ሁለት ሰዓት።

ከዚያ ሉቃስ በቱቦው ውስጥ ስንጥር ሰደደና አወጣ። ስንጥሩ እስከ ግማሹ ርሷል። ቅድም ባዶ ነበር።

እኔ በአማርኛ፣ ጋሽ ዘሩባቤል በአሪኛ እናስረዳለን። እኔ "ኮረንቲው ከዘንጉ ወደ ቱቦው ሲሄድ ውሃውን እየነዳ ይወስደዋል፤ ውሃው ከቱቦው ይቀዳል፤ የቀረው አፈር ይጨመቃል፣ ይጠነክራል" አልኩ። የሳቸው ትርጉም በጣም ረዘመ፤ ሰዉም ሳቀ።

"ምን አሏቸው?"

"ምድር ውሃ ጠጥታ ሰክራለች፣ ይቺ ልጅ ስካሯን ልታበርድላት ነው አልኩ።"

ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ በትምህርት ቤትም አልሰማሁም።

ሲበተኑ ከኋላ አንድ ሰው በአማርኛ፣ እንድንሰማ ይመስለኛል፣ "ሲሚንቶ የበላው ነው አስተርጓሚዋ" አለ። ጋሽ ዘሩባቤል ፕላስቲኩን እያጠቡ ነበር። ማጠባቸውን አላቋረጡም።

ጥር 21

ሃያ አራት የፌሮ ዘንግ፣ አሥራ ሁለት የተበሳሳ የብረት ቱቦ ተተክሏል። የእሾህ አጥር ዙሪያውን። ሰባት ሰዓት ላይ ማሽኑ ተነሳ።

አሥር ሰዓት። የመጀመሪያው ቱቦ ውሃ ያዘ! እንደ ጠላ የጠቆረ። ሉቃስ ጮኸ። እኔም ጮህኩ። ሲስተር የሆነ ነገር የፈነዳ መስሏት ጓንቷን እንዳጠለቀች ሮጣ ወጣች።

ጥር 28

ጥንካሬው 11።

ማሽኑን ጠዋት እናስነሳለን፣ ሲመሽ እናጠፋለን። ፓምፑ ሲሠራ ይውላል። ሜዳው ዘጠኝ ሳንቲ ሜትር ወርዷል። ወሬው ጂንካ ደርሶ አቶ ጎሳዬ ደወሉ።

"መሬቱ ሰመጠ ይሉኛል!"

"እንዲሰምጥ ነው የምንፈልገው። ቤት ሳይቀመጥበት አሁን ይስመጥ። ውሃው በወጣ ቁጥር አፈሩ ይጨመቃል።"

ከዚያ፦ "የፊተኛውን የአፈር ሪፖርት ፈልጌ አጣሁት። የሠራው ድርጅት ተበትኗል አሉ። ማን እንደቆፈረው የምታውቂው ነገር አለ?"

ኔትወርኩ ይቆራረጥ ነበር። "አይሰማም" አልኳቸው።

እስከዚያ ድረስ ይሰማ ነበር።

የካቲት 4

ጠዋት የአቶ ይሁኔ ላም አጥሩን ጥሳ ገባች። አቶ ይሁኔ ከድልድዩ ወዲያ ሱቅም እርሻም ያለው ሰው ነው። ላሟ በሁለት ዘንግ መሃል እንደረገጠች ጉልበቷ ከዳት፣ ወደቀች። ሉቃስ ዘሎ ማሽኑን አጠፋ። ለሰው ያን ያህል የማያሰጋ ኮረንቲ ነው፤ አራት እግር ላለው ግን ክፉ ነው፣ ይሄንን ማሰብ የነበረብኝ እኔ ነኝ። ትንሽ ቆይታ ተነሳች።

አቶ ይሁኔ ዱላውን ይዞ መጣ። እኔን አላየኝም። በቀጥታ ወደ ጋሽ ዘሩባቤል ሄደ።

"ሲሚንቶውን በልተህ ቤቱን ጣልክ። አሁን ደግሞ ከብታችንን በኮረንቲ ልትፈጅ?"

ሠራተኛው ሁሉ ይሰማል። በረንዳ ላይ ያሉት ሴቶችም ይሰማሉ። ጋሽ ዘሩባቤል "ላሚቱን ውሃ አጠጣት፣ ይሁኔ" አሉ።

እኔ አጠገባቸው ነበርኩ። አንድ እርምጃ ብራመድ መሃላቸው እገባ ነበር። አፌን ከፈትኩ። "አጥሩን እናጠብቃለን" አልኩ።

ይሄንን ነው ያልኩት። አጥሩን።

የካቲት 5

የቀበሌው ሊቀመንበር አጥሩ እስኪጠብቅ ማሽኑ ይቁም አሉ። ሦስት ቀን ሊባክን ነው። ሉቃስ ጂንካ ወረደ። ግቢው ጭር ብሏል። የማሽኑ ድምፅ ስለሌለ ይሆናል።

የካቲት 9

14። ባለፈው ሳምንትም 14 ነበር።

አልገባኝም። ውሃው እንደ መጀመሪያው ቀን ይመጣል፤ እስካሁን መቀነስ ነበረበት። ዘንጎቹን ነቅዬ አየሁ፣ ሽቦውን አየሁ፣ ስሌቱን አራት ጊዜ ሠራሁ። አምስት ሳምንት ነው የቀረኝ። ስሌት ላይ ሳፈጥ ጋሽ ዘሩባቤል መጡና "ተነሺ" አሉኝ።

ከጤና ጣቢያው ጀርባ ዳገቱን ይዘን፣ በእንሰቱ መሃል አልፈን አንድ ጥላ ቦታ ደረስን። መሬቱን በእጃቸው ጫር አደረጉት። በደረቅ ወር ከሥሩ ውሃ ፈለቅ አለ።

"ከዚህ ይገባል። ከምድር በታች ይሄዳል። አንቺ ታወጫለሽ፣ እሱ ይሞላል።"

እንዴት እንዲህ ቀላል ነገር አመለጠኝ! ከረግረጉ በላይ ጥልቅ ቦይ ቆፍረን ምንጩን ወደ ጅረቱ ማዞር ብቻ ነው። እያመሰገንኳቸው ሳለ፦

"ያኔም ተናግሬ ነበር" አሉ።

"ለማን?"

ቀና ብለው አዩኝ። "ጉድጓዱን ለሚለኩት።"

ለማን ብዬ ለምን እንደጠየቅኩ አላውቅም። አውቃለሁ።

የካቲት 10፣ እሑድ

ማሽኑ አይሠራም፤ ሰዉ ሁሉ ቸርች ነው። ከሸለቆው ማዶ መዝሙራቸው ይሰማል። አንድ ነገር ልጻፍ ብዬ ከተቀመጥኩ ሁለት ሰዓት ሆነኝ።

ሚያዝያ 2008 ነበር። ሃያ ስድስት ዓመቴ፣ የመጀመሪያ ሥራዬ፣ ከተቀጠርኩ አራተኛ ወሬ። ድርጅቱ ከአንድ ሹፌርና ከአንድ የሜትር ገመድ ጋር ወደዚህ ላከኝ። ሁለት የመንደሩ ሰዎች ቆፈሩልኝ። ዝናብ ይዘንባል። አንድ ሜትር ተኩል ላይ ጉድጓዱን ውሃ ሞላው። ቀዱት፣ ሞላ። ደግመው ቀዱት፣ ሞላ። ከሁለቱ አንደኛው፣ ጎልማሳ ሰው፣ ለግንቡ ሥራ የታሰበ ግንበኛ ነበር። "እዚህ ከታች ምንም የለም፣ ውሃ ነው፣ ከላይ ይመጣል" አለኝ። ሹፌሩ ድልድዩ ሳይሞላ እንውጣ ብሎ ጥሩንባውን ይነፋል። ጫማዬ ውስጥ ውሃ ገብቷል።

መኪናው ውስጥ ተቀምጬ "3 ሜትር፣ ጠንካራ ሸክላ" ብዬ ጻፍኩ። ገዘር ላይ ሦስት ሜትር የቆፈርኩት ጉድጓድ ጠንካራ ሸክላ ነበረው። ተመሳሳይ ይሆናል ብዬ ነው። አይደለም። ብዬም አይደለም። መውጣት ፈልጌ ነው።

ቤቱ ሲሰነጠቅ በሌላ መሥሪያ ቤት ነበርኩ። ግንበኛው ሲሚንቶ ሰርቆ ነው ሲባል ሰማሁ። ክስ እንኳ አልቀረበበትም፤ ወሬው ብቻውን በቃው። ያን ጊዜ "ይሆናል፣ ምን ይታወቃል" አልኩ። ለራሴ ደጋግሜ አልኩ። አንድ ነገር ሰባት ዓመት ከተባለ ለመታመን ትንሽ ነው የሚቀረው።

ሪፖርቱ ጂንካ፣ ቁም ሣጥኔ ውስጥ፣ ከነጠላዎቼ ሥር ነው።

የካቲት 12

ነገርኳቸው።

ቦዩን እየቆፈርን ነበር፤ ሌሎቹ ለምሳ ሄደዋል። ጋሽ ዘሩባቤል እስከ ወገባቸው ቦዩ ውስጥ ናቸው። እንዴት እንደምጀምር ስላላወቅኩ ከመጨረሻው ጀመርኩ፦ "ሦስት ሜትር ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ" አሉ፤ አፈሩን ወደ ላይ ወረወሩ። "የመጣሽ ዕለት ነው ያወቅኩሽ።"

"ለምን ዝም አሉ?"

"ብናገር ማን ያምነኛል? ሌባ ነኝ እኮ።" አንድ አካፋ ጨመሩ። "ሥራ ግባ ስትይኝ ደግሞ፣ ራሷ ልትናገር ነው አልኩ። ጠበቅኩ። ከወር በላይ ፈጀብሽ።"

"ተቆጡኝ" አልኳቸው። እያለቀስኩ ነበር፤ አላፈርኩም።

"ተቆጥቻለሁ። ሰባት ዓመት ተቆጥቻለሁ። ልጄን ሩቲን ገዘር ትምህርት ቤት 'የሲሚንቶ ልጅ' ሲሏት ስንት ዘመን ተቆጣሁ። ከቸርቹ ሽማግሌነት በገዛ እጄ ስወርድ ተቆጣሁ። አሁን ቦይ እየቆፈርኩ ነው።"

አካፋዬን አንስቼ ገባሁ። ጎን ለጎን ቆፈርን። ሠራተኞቹ ሲመለሱ ጋሽ ዘሩባቤል ጎንበስ ብለው በቀስታ አሉኝ፦

"ለኔ መንገርሽ አይበቃም። እኔማ አውቃለሁ። ለማያውቁት ንገሪ።"

የካቲት 17፣ እሑድ

ሰዉ ከቸርች ሲወጣ ደጁ ላይ ካለው ዛፍ ሥር ቆሜ ጠበቅኩ። ሲስተር አብራኝ ናት፤ እንደኔ ኦርቶዶክስ ስለሆነች ሁለታችን ከቅዳሴ መልስ በነጠላ ነበርን። አቶ ይሁኔም ወሬ ሰምቶ መጥቷል። ሊቀመንበሩም።

የሚያስተረጉም ጠፋ። ጋሽ ዘሩባቤል "በራሴ ጉዳይ አላስተረጉምም" ብለው ከኋላ ተቀመጡ። ያኔ አንዲት ቀጭን ልጅ ተነሳች። "እኔ አስተረጉማለሁ" አለች። ሩቲ ናት፤ ዛሬ ራሷ ገዘር ታስተምራለች።

ሌላ ሰው ቢሆን በወደድኩ።

አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ተናገርኩ፣ እሷም አንድ አንድ ተረጎመች። ጉድጓዱ አንድ ሜትር ተኩል ነበር። እኔ ሦስት ብዬ ጻፍኩ። አባትሽ አስጠንቅቀውኝ ነበር። ቤቱ የሰመጠው በመሬቱ ነው፣ ስለ መሬቱ የዋሸሁትም እኔ ነኝ። "ከሲሚንቶው አንድ ኪሎ አልጎደለም" ስል ሩቲ መተርጎም አቆመች። አፏን በነጠላዋ ጠርዝ ያዘች። ሰዉ ይጠብቃል። ከዚያ በጣም ጮክ ብላ ተረጎመችው፤ ከድልድዩ ወዲያ እስኪሰማ። ሁለት ጊዜ ተረጎመችው። እኔ ያልኩት አንዴ ነው።

ማንም አልሰደበኝም። አንዲት አሮጊት ብቻ አጠገቤ መጥተው ረጅም ነገር በአሪኛ ተናገሩኝ። ሩቲን ምን አሉ ብላት፣ "ባይተረጎም ይሻላል" አለች።

ግን በመመለሻዬ ላይ ቀለል አለኝ ብጽፍ ውሸት አይሆንም። ውሸት ደግሞ በቃኝ።

የካቲት 20

ለመሥሪያ ቤቱ ሁሉንም ጽፌ በሉቃስ ላክሁ። ሉቃስ ወረቀቱን ኪሱ ሲከት፣ "አነበብከው?" አልኩት። "እሑድ ዕለት ከሰዉ መሃል ነበርኩ" አለ። አላየሁትም ነበር።

አቶ ጎሳዬ ደወሉ። "አሁን ማን ጠየቀሽ? ዝም ብትይ ማን ያውቅ ነበር?"

"እዚህ የሚያውቅ ሰው ነበር።"

ረጅም ትንፋሽ ሰማሁ። "ሥራውን ከእጅሽ እወስደው ነበር። ይሄንን ማሽን የሚያውቅልኝ የለም። ጨርሺው፣ ከዚያ እንነጋገራለን። ልኬትሽን ግን ሌላ ሰው መጥቶ ያረጋግጣል።"

"ይገባል" አልኩ። ከልቤ ነው።

አቶ ይሁኔ ዛሬ ሁለት ሸክም እሾህ ይዞ መጥቶ አጥሩን ሲያጠብቅ ዋለ። ከጋሽ ዘሩባቤል ጋር አልተነጋገሩም። ሲሄድ ግን "ደህና እደር ጋሼ" አለ።

የካቲት 28

23!

ቦዩ ከተከፈተ ወዲህ ምንጩ ወደ ጅረቱ ነው የሚሄደው። ከቱቦዎቹ የሚቀዳው ውሃ በግማሽ ቀንሷል። ሜዳው በድምሩ ሠላሳ አንድ ሳንቲ ሜትር ወርዷል።

አዲስ ጣጣ። አፈሩ ሲደርቅ ከዘንጎቹ ዙሪያ እየተሰነጠቀ ይርቃል፣ ኮረንቲው ይቋረጣል። ዘንጎቹም ዝገት እየበላቸው አንዳንዶቹ እንደ እርሳስ ቀጥነዋል። ሉቃስ በሌላ ፌሮ ይቀይራል፣ እኛ በስንጥቁ የኖራ ውሃ እናፈሳለን። ኖራው አፈሩንም ያጠነክረዋል። እጄ ተላልጧል። ሉቃስ ግሪስ ቀባልኝ። የብየዳ ሰው መድኃኒቱ ግሪስ ነው።

መጋቢት 6

29፣ 31፣ 30። ከገዘር በላይ ደመና አለ።

መጋቢት 10

አረጋጋጯ መጣች። ኤልሳ ትባላለች፤ ከተመረቀች ሁለት ዓመቷ። ሰላምታዋ ቀዝቀዝ ያለ ነው፤ ፋይሌን አንብባለች። መለኪያውን ከእጄ ወሰደችና "እርስዎ እዚያ ይቁሙ" አለችኝ። ቆምኩ።

ሦስተኛው ቦታ ላይ ስትደርስ ማካፋት ጀመረ። ድልድዩ ጋ የቆመው ሹፌሯ ጥሩንባ ነፋ። ኤልሳ ቀና እንኳ አላለችም። ስድስቱንም ቦታ፣ በየሜትሩ፣ እስከ ታች ለካች። ፀጉሯ በስብሶ ፊቷ ላይ ተጣብቋል። እያየኋት የተሰማኝ ደስታ ይሁን ቅናት አልለየሁትም።

33፣ 31፣ 32፣ 30፣ 34። በጅረቱ በኩል ያለው ማዕዘን 26።

"ይሄ ማዕዘን አያልፍም" አለች።

"አያልፍም" አልኩ። "አምስት ቀን ስጪኝ።"

መጋቢት 15

ማሽኑን ሙሉ በሙሉ ወደዚያ ማዕዘን አዞርነው። በዝናቡ መሃል፣ በሸራ ጋርደን። ኤልሳ ገዘር አድራ እየተመላለሰች ነው። ዛሬ ለካች። 31። ፈረመች። ስትሄድ "እንኳን ደስ አለዎት" አለችኝ፤ ቀጥላም እንዳፈረ ሰው "ዘዴውን አንድ ቀን ያስተምሩኛል?" አለች።

መጋቢት 18

ኮንክሪት አፈሰስን። ከቤቱ ሥር በሙሉ የተነጠፈ አንድ ወጥ መሠረት።

ጋሽ ዘሩባቤል እያንዳንዱ ከረጢት ሲሚንቶ ሰው እያየ ካልተከፈተ አላስነካም አሉ። በረንዳ ላይ ያሉትን እናቶች ሳይቀር ለምስክርነት ጠሩ። አቶ ይሁኔ ለድንጋይ ማቀበል መጥቶ ነበር፤ አሥረኛው ከረጢት ላይ ትዕግሥቱ አለቀ። "ኧረ በቃ ጋሼ፣ አምነናል! ዝናቡ አያምነንም እንጂ!"

ጋሽ ዘሩባቤል ሳቁ። ጥርሳቸውን ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ወደ ምሽት ዝናቡ ወረደ፤ ሸራውን ሃያ ሰው ይዞ ቆመ። ሲያባራ እሳቸው በጉልበታቸው ሆነው ጠርዙን በማለስለሻ ይዳስሱ ነበር፣ ሰው የታመመ ልጁን ግንባር እንደሚዳስስ።

ሚያዝያ 8

ደብዳቤው ደረሰ። የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ፣ ለሁለት ዓመት የደረጃ ዕድገት እገዳ፣ ከሐምሌ ጀምሮ ወደ ጂንካ ላቦራቶሪ ዝውውር። የከፋ ጠብቄ ነበር። ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ አንዱም ቃል ያለ አግባብ አልገባበትም።

ለሉቃስ አሳየሁት። "ጂንካ ልትገቢ ነዋ!" አለ። ለማዘን ሞከረ፣ አልሆነለትም።

ላቦራቶሪው ከብየዳ ቤቱ ሁለት መቶ ሜትር ቢሆን ነው። ይሄንን ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም።

ግንቦት 11

ግድግዳው ቆመ፣ ቆርቆሮ ተመታ። ጋሽ ዘሩባቤልን ወደ ሽማግሌነታቸው እንዲመለሱ ቸርቹ ለመናቸው። "ላስብበት አልኳቸው" አሉኝ። "እነሱስ ለማሰብ ሰባት ዓመት ፈጅቶባቸው የለ?"

ሩቲ እሑድ ምሳ ጠራችኝ። ሄድኩ። ያኔ ቸርቹ ደጅ በአሪኛ የተናገሩኝ አሮጊት አያቷ ናቸው። በልቼ እስክጨርስ ዓይናቸውን ከኔ አልነቀሉም፤ መጨረሻ ላይ ግን ሁለተኛ ጭልፋ ጨመሩልኝ።

ሰኔ 12

እናቶቹ ከገቡ ሳምንት ሆናቸው። አሥር አልጋ፣ ስድስቱ ተይዟል።

ሌሊቱንም ጠዋቱንም ሲዘንብ ነበር፤ ጅረቱ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። ለመጨረሻ ጊዜ እንደምለካ ስለማውቅ አራቱንም ማዕዘን ደጋግሜ ለካሁ። ከመጋቢት ጀምሮ የወረደው በጠቅላላው አራት ሚሊ ሜትር፤ በአራቱም እኩል። ካለፉት ሦስት ሳምንታት ወዲህ ምንም። ምንም!

ሠራተኛ ሁሉ ሄዷል፣ የምነግረው ሰው አጣሁ። በጭቃ ሮጬ ወደ ቤቱ ሄድኩ። ጋሽ ዘሩባቤል የበር ማጠፊያ ሊያጠብቁ መጥተው ኖሮ፣ ቦቲያቸውን ደጅ አውልቀው በካልሲ ደፉ ላይ ቆመዋል።

"ጋሼ! አልተነቃ—"

ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። በትከሻቸው ላይ አሾልቄ አየሁ። በግድግዳው በኩል ያለው አልጋ ላይ አንዲት ሴት፣ ከሩቅ ቀበሌ ትናንት የመጣች፣ ፊቷን ወደ ግንቡ አዙራ፣ አንድ እጇን ሆዷ ላይ፣ አንዱን ግድግዳው ላይ አሳርፋ ተዘርግታለች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ እሷ አትሰማም።

"ቀስ በይ" አሉኝ ጋሽ ዘሩባቤል። "ተኝታለች።"